በሻንጣ ጋሪ የመጣው ማርቲን

«ስንት ልጅ ነው ያልከው?»

ቤኪ የእጆቹን ጣቶች ቆጥሮ ጨረሰና ወደ እግሮቹ ጎንበስ አለ። ካልሲ አድርጎ ስለነበር የእግሩን ጣቶች መቁጠር አስቸገረው።

«አስራ ዘጠኝ» አለ በመጨረሻ። «ቲቸርን ሳንጨምር።»

እናቱ እድላዊት ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ አስቀመጠች። የአስራ አራት ዓመቷ እህቱ ሚካኤላ ደግሞ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። በዚያ ቤት ሚካኤላ ስልኳን ደፋች ማለት ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

«አንተ ልጅ፣ ክፍሉን በሙሉ ነው እንዴ የጠራኸው? ምን ብለህ?» አለች እናቱ።

«የፋኖስ በዓል አለን ብዬ። እና...» ቤኪ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ ማርቲንን ሆና በፈረስ ትመጣለች ብዬ። በእውነተኛ ፈረስ።»

«ኦ ማይ ጋድ!» አለች ሚካኤላ።

አትላንታ ውስጥ፣ ያውም ብሩክሄቨን አፓርታማ ላይ የሚኖር የሐበሻ ቤተሰብ የፋኖስ በዓል ከየት አመጣ ለሚል ሰው፣ አጭሩ መልስ «ከጀርመን» ነው። እነ ሚካኤላ ዲቪ ደርሷቸው አሜሪካ ከመግባታቸው በፊት ስምንት ዓመት የኖሩት ካሰል በሚባል ከተማ ነው። እዚያ በየዓመቱ ኖቬምበር አስራ አንድ ቀን፣ አመሻሹ ላይ፣ ልጆች በወረቀት የሠሯቸውን ፋኖሶች በእንጨት ላይ አንጠልጥለው እየዘፈኑ በየመንገዱ ይሄዳሉ። ከፊት ከፊት ፈረሰኛ ይመራቸዋል። ፈረሰኛው ማርቲን ነው፤ በድሮ ዘመን የነበረ ወታደር። በብርድ ቀን ከከተማው በር ላይ የተቀመጠ እርቃኑን የቀረ ድሃ አየና፣ ካባውን በሰይፉ ለሁለት ቆርጦ ግማሹን አለበሰው ይባላል። ልጆቹ ይህን በየዓመቱ ያዩታል፤ በየዓመቱም ካባው ሲቆረጥ እንደ አዲስ «ኡኡ!» ይላሉ።

ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ሲመጣ ሶፋውንም ቁም ሣጥኑንም ሸጦ መጣ። በዓሉን ግን አልሸጠውም። የመጀመሪያው ዓመት ላይ አራቱ ብቻቸውን ፋኖስ ይዘው በአፓርታማው ፓርኪንግ ሎት ዙሪያ እየዘፈኑ ዞሩ። ታች ቤት የሚኖሩት ሜክሲኳዊት ጎረቤት ሃሎዊን ያለፈባቸው ምስኪኖች መስለዋቸው የተረፈ ከረሜላ በፌስታል አምጥተው ሰጧቸው። የእድላዊት አክስት እትዬ ኤልፍነሽ ደግሞ ከዲኬተር ድረስ መጥተው «እሰይ፣ ልጆቼ ማርቲን ሉተርን አልረሱም!» ብለው መረቁ። ይኼኛው ማርቲን ሌላ ነው፣ ከሉተር አንድ ሺህ ዓመት ይቀድማል ቢባሉ፣ ሦስት ጊዜ ቢነገራቸው፣ «ኧረ ማርቲን ማርቲን ነው፤ ምን ታጨቃጭቁኛላችሁ» አሉና አረፉት።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደስ ይላል። ደስ የማይለው፣ ከሚካኤላ በቀር ማንም የማያውቀው፣ የአምናው ነገር ነው።

አምና ከበዓሉ ማግስት፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ የቮሊቦል ጓደኛዋ ኬይላ ስልኳን ከፍታ ለጠረጴዛው ሁሉ ቪዲዮ አሳየች። ኬይላ የምትኖረው ከአፓርታማው አጥር ጀርባ ካሉት ቤቶች አንዱ ውስጥ ነው። ቪዲዮውን የቀረጸችው ከመኝታ ቤቷ መስኮት ነበር። በጨለማው ውስጥ አራት መብራቶች ይንቀጠቀጣሉ፤ የአንድ ትንሽ ልጅ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይጮኻል። ሚካኤላ የሁዲዋን ቆብ እስከ አፍንጫዋ ስባ ስለነበር ፊቷ አይታይም።

«እነዚህ ሰዎች ምን እየሆኑ ነው?» ብላ ኬይላ ሳቀች። «ሚኪ፣ አንቺ እዚያ አካባቢ አይደል የምትኖሪው? ታውቂያቸዋለሽ?»

«አላውቃቸውም» አለች ሚካኤላ።

ይህስ ባልከፋ። ሁሉም ሲስቁ አብራ ሳቀች። ያ ሳቅ አንድ ዓመት ሙሉ እንደ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ኬይላን አንድም ቀን ቤቷ ጠርታት አታውቅም፤ «እኔ ልምጣ» እያለች ነው የምታመልጠው።

«እሺ፣ እነማን ናቸው የሚመጡት?» ብላ ጠየቀችው አሁን ቤኪን።

ቤኪ መዘርዘር ጀመረ። ኦወን፣ ማቲዮ፣ ካሚላ... «ዞዊም ትመጣለች። ትልቋ እህቷ ናት የምታመጣት። እህቷም እንዳንቺ ቮሊቦል ትጫወታለች!»

ዞዊ የኬይላ ታናሽ እህት ናት።

«እኔ አልሆንም» አለች ሚካኤላ ብድግ ብላ። «ማርቲንን አባቢ ይሁን። ሲሪየስሊ፣ እኔ የለሁበትም።»

«አንቺ ነሽ ብያቸዋለሁ እኮ!» የቤኪ አገጭ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «እህቴ ማንንም አትፈራም ብያቸዋለሁ።»

ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ እንዲህ ሲልህ ምን ትመልሳለህ? ሚካኤላ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ትራሷንም ፊቷ ላይ አድርጋ ተኛች።

የፈረሱን ጉዳይ የፈታው አባቷ ተስፋዬ ነው። ተስፋዬ ኮሌጅ ፓርክ ካሉት የኤርፖርት ሆቴሎች በአንዱ የሻትል ሹፌር ነው። በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ከቫኑ ውስጥ እየጎተተ ያወረደው ነገር መላውን ቤት ወደ በረንዳው አወጣ። ሆቴል ውስጥ ሻንጣ የሚገፋበት ትልቁ ጋሪ ነው፤ ከላይ እንደ ቅስት የጎበጠ ቢጫ ብረት ያለው።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እድላዊት።

«ፈረስ።»

«ተስፋዬ!»

«ሊጥሉት ሲሉ ማናጀሯን አስፈቅጄ ወሰድኩት። አንዱ ጎማው ትንሽ ያነክሳል እንጂ ጤነኛ ነው።» ጋሪውን እንደ ፈረስ ጀርባ ቸብ ቸብ አደረገው። «በአገራችን ፈረስ ጋሪ ይጎትታል። አትላንታ ውስጥ ጋሪው ራሱ ፈረስ ቢሆን ምን ይገርማል?»

ቤኪ በሳቅ ፍርፍር አለ። ሚካኤላም ሳትወድ ሳቀች። በዚያው ቀን ከካርቶን የፈረስ ራስ ተቆረጠ፤ ጋማው ከአዲስ መወልወያ ተሠራ፤ ቡናማ አንሶላ ብረቱ ላይ ለበሰ። ሥራው ሲያልቅ እውነቱን ለመናገር ፈረስ አይመስልም፤ ቢበዛ የታመመ ግመል ቢመስል ነው።

ሚካኤላ ፈረሱን ዞር ዞር ብላ አየችውና አንድ ሐሳብ መጣላት።

«ማርቲን ወታደር አይደል?» አለች። «ወታደር ደግሞ የራስ ቁር ያደርጋል። የአባቢ ጓደኛ የጋሽ ወንዳፍራሽ የሞተር ሄልሜት ከመጣልኝ እሆናለሁ። ፊት የሚሸፍነው።»

«ፊትሽን መሸፈን ለምን አስፈለገ?» አለች እናቷ።

«ለ... ለሪያሊቲ ነዋ።»

እድላዊት ልጇን ትንሽ ቆይታ አየቻት። እናት አይደለች፣ አንድ ነገር ሸቷታል። ወደ ቁም ሣጥኑ ሄዳ አሮጌ ጋቢ አወጣች።

«ካባው ይሄ ይሁን» አለች። «ጋቢ ሲሠራ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ገጥመው ነው የሚሰፉት፤ ይኸው መሃሉ ላይ ስፌቱ። ይህን ተርትሬ በአንድ ቀጭን ክር ብቻ ጠቅ ጠቅ አደርገዋለሁ። አንቺ በካርቶኑ ሰይፍ ነካ አድርገሽ ጎተት ስታደርጊው ለሁለት ይለያል።»

ሦስት ጊዜ ሞከሩት፤ ሦስቴም ጋቢው ልክ እንደ ዚፐር ተከፈተ። ቤኪ ሦስቴም «ኡኡ!» አለ። ከሙከራው በኋላ እድላዊት እንደገና በቀጭን ክር ጠቅ ጠቅ አድርጋ ሶፋው ላይ ተወችው። ማታ እትዬ ኤልፍነሽ ፋኖስ ለመሥራት ሊያግዙ መጡ። ለአስራ ዘጠኝ ልጅ የሚሆን የወረቀት ፋኖስ ከየት ይመጣል? ጎረቤቱ ሁሉ ባዶ የወተት ጋሎን አዋጣ። ጋሎኖቹን ቀለም ቀቡ፤ በውስጣቸውም ትንንሽ የባትሪ መብራት አስገቡ። እትዬ ኤልፍነሽ ሥራ መፍታት አይሆንላቸውምና ሌሎቹ ቀለም ሲቀቡ እሳቸው ሶፋው ጥግ ሆነው መርፌያቸውን አወጡ። ምን እንደሚሰፉ ያየ ሰው አልነበረም።

ኖቬምበር አስራ አንድ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፓርኪንግ ሎቱ በልጅ ተሞላ። አስራ ዘጠኝ የተባለው ሃያ ስድስት ሆኗል፤ ልጅ ልጅን ይጠራል። ወላጆቹ እጃቸውን ጃኬታቸው ኪስ ውስጥ ከትተው ፈገግ ብለው ቆመዋል። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ የወተት ጋሎኖች በእንጨት ላይ ይወዛወዛሉ። እንዴት እንደሚያምር!

ሚካኤላ ጋሪው ላይ ቆማ በአንድ እጇ ብረቱን ጨብጣለች። ጃኬቷን አውልቃ ጋቢውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች፤ ሄልሜቱም እስከ አገጯ ደፍኗታል። በመስታወቱ ውስጥ የኬይላን ረጅም ቁመት ወዲያው ለየችው። ኬይላ የዞዊን እጅ ይዛ ከአንድ ዛፍ ሥር ቆማለች። ሚካኤላ «አታየኝም፣ አታውቀኝም» አለች ለራሷ።

«ተነሳን!» አለ ተስፋዬ ከኋላ ሆኖ። ጋሪው ሲጥ ሲጥ እያለ ተንቀሳቀሰ።

ቤኪ ዘፈኑን አወጣ። ቃሉን ማንም አያውቀውም፤ ግን በሁለተኛው ዙር ልጆቹ ሁሉ የመሰላቸውን እየጨመሩ ይጮሁ ነበር። እትዬ ኤልፍነሽ በጭብጨባ አጀቡት፤ እሳቸው ያጨበጨቡለት ዘፈን ደግሞ የጀርመንም ይሁን የማን ወደ ዝማሬ መዞሩ አይቀርም። የመኪና ፍጥነት መቀነሻው ጉብታ፣ ስፒድ ባምፑ ላይ ሲደርሱ ጋሪው ዘለለ።

«አጥብቀሽ ያዢ!»

«አባቢ፣ ቀስ በል እንጂ!»

«ፈረሱ ደንግጦ ነው!»

«ይሄ ፈረስ አይደለም» አለ ኦወን፤ ፀጉሩ ቀይ፣ ድምፁ ጎርናና የሆነ ልጅ ነው። «ጎማ አለው።»

«የኤርፖርት ፈረስ ስለሆነ ነው!» አለ ቤኪ። ልጆቹ ይህን ትንሽ አሰቡበትና ተቀበሉት። ኦወን ግን አልተቀበለም።

ሰልፉ የፖስታ ሣጥኖቹ ጋ ሲደርስ ቆመ። የከተማው በር ያ ነው። ቤኪ ጃኬቱን አውልቆ በቲሸርት ብቻ ሆነና ካርቶን ላይ ተቀመጠ፤ ድሃው እሱ ነው። ክንዶቹን አቅፎ ተንቀጠቀጠ። ማስመሰል ብቻም አልነበረም፤ ይበርድ ነበር። ሚካኤላ ከጋሪው ወርዳ የካርቶን ሰይፏን መዘዘችና ስፌቱን ነካ አድርጋ ጋቢውን ጎተተችው።

ጋቢው እንዳለ ነው።

እንደገና ጎተተች። ወይ ፍንክች! በእግሯ ረግጣ በሁለት እጇ ብትስበውም ያው ነው። በሄልሜቱ ውስጥ ትንፋሿ መስታወቱን አደበዘዘው፤ ክሩ የቱ ጋ እንዳለ ማየት አልቻለችም።

«ምን ይጎትታታል ይህች ልጅ?» አሉ እትዬ ኤልፍነሽ ጮክ ብለው። «እንዳይቀደድባት! ክሩ ሁሉ ላልቶ አግኝቼው ትናንት ማታ አጥብቄ ሰፍቼዋለሁ፣ በድርብ! የተተረተረ ጋቢ ለልጅ ይሰጣል እንዴ? ነውር አይደለም?»

እድላዊት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ተስፋዬ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ፈረሱ ዞረ።

ልጆቹ ግን ማጉረምረም ጀመሩ። ኦወን ወደፊት ወጣ። «ቤኪ ውሸታም ነው» አለ። «ፈረስ የለም። ካባውም አይቆረጥም። እህትም የለችውም! ሄልሜት ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ ምን ይታወቃል?»

«እህቴ ናት!» አለ ቤኪ።

«አሳየና!»

«አሳየን! አሳየን!» አሉ ሌሎቹም።

ቤኪ ከካርቶኑ ላይ ቀና ብሎ ሄልሜቱን አየ። ከንፈሩ በብርድ ሰማያዊ ሆኗል። ከዚያ ማንም እንዳይሰማው በአማርኛ፣ በሹክሹክታ፣ «ግድ የለም ሚኪ፣ ካልፈለግሽ አታውልቂ» አላት።

ሚካኤላ ያን ጊዜ ልቧ ስንጥቅ አለ። ለካ ያውቃል! ምኑን እንደሚያውቅ አይታወቅም፤ ምናልባት መደበቅ እንደምትፈልግ ብቻ ነው የገባው። ግን ውሸታም እየተባለ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠ፣ የሚጨነቀው ለሷ ነው። እሷ ምሳ ጠረጴዛ ላይ «አላውቃቸውም» ስትል፣ ያን ቀን በቪዲዮው ውስጥ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ ይዘፍን የነበረው ይኸው ልጅ ነው። አፈረች። አንድ ዓመት ሙሉ የፈራችው እፍረት ሌላ ነበር፤ ይኼኛው ከዚያ የባሰ ነው።

የሄልሜቱን ማሰሪያ ፈታች። ጆሮዋ ላይ ትንሽ ያዘው፤ ጎትታ አወለቀችው። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ፣ ጉንጮቿ ቀልተው ቀዝቃዛው አየር ፊቷን መታው።

«እህቱ ነኝ» አለች ሁሉም እንዲሰማ። «ስሜ ሚካኤላ ይባላል። ፈረሱ የሆቴል ነው፤ ካባው ግን የቤታችን ነው።»

ከዚያ ካርቶኑ ላይ ከቤኪ አጠገብ ቁጭ አለችና ጋቢውን በሁለታቸውም ትከሻ ላይ ጠቀለለችው። ከነርዝመቱ ዞሮ ተረፈ።

«መቆረጥ ነበረበት እኮ» አለች አንዲት ትንሽ ልጅ።

«ይሄ መቆረጥ አያስፈልገውም» አለ ቤኪ አንገቱን ብቻ ብቅ አድርጎ። «ሁለት ሰው ያስገባል። ኦወን፣ ና ሞክረው!»

ኦወን አንዴ እናቱን፣ አንዴ ጋቢውን አየና መጣ። ሦስት ሆኑ። ቀጥሎ ካሚላ ገባች፤ ማቲዮም ከኋላ ሆኖ ራሱን ሰነቀረ። እትዬ ኤልፍነሽ «አያችሁ፣ ስፌቱ ጠንካራ ባይሆን ኖሮ!» ብለው በደስታ ዞረው ዞረው ለማያውቋቸው ወላጆች ሁሉ፣ በአማርኛ፣ አስረዱ።

ሚካኤላ ከዚያ ሁሉ ልጅ መሃል ተፈልቅቃ ስትወጣ ኬይላ ፊት ለፊቷ ቆማ ነበር።

«አላውቃቸውም ብለሽኝ ነበር» አለች ኬይላ።

«አዎ። ዋሽቼሽ ነው።»

«ለምን?»

«አንቺ ስቀሽ ነበር» ለማለት አፏ ላይ መጣ። ግን እሷም አብራ ስቃለች። «ፈርቼ» አለች።

ኬይላ የተናደደች ይመስላል፤ ወይም ያዘነች፤ መለየት አይቻልም። «አንድ ዓመት ሙሉ ቤትሽን አላሳየሽኝም» አለች። «እኔ እኮ እናቷ አትወደኝም ብዬ ነበር።»

ሚካኤላ ይህ ጭራሽ በሐሳቧ መጥቶ አያውቅም። «እናቴ? እናቴማ ብታገኝሽ አብልታ አብልታ ነው የምትገድልሽ!»

ኬይላ ፈገግ ላለማለት ታገለች። ሳትችል ቀረች።

«ሌላ ዙር! ሌላ ዙር!» ብለው ልጆቹ ጮኹ። ተስፋዬ አነካሹን ፈረስ አዞረ። ዞዊና ኦወን ተሳፈሩበት፤ ፋኖሶቹ ተሰለፉ። ኬይላ ስልኳን አወጣችና ቆም አለች።

«ልቅረጽ?» አለች።

ሚካኤላ ሄልሜቱን አየችው። ካርቶኑ ላይ ተጥሏል። ቤኪ በአንድ እጁ አረንጓዴ የወተት ጋሎኑን፣ በሌላው የሷን ጃኬት ይዞ ይጠብቃታል።

«ቅረጪ» አለች። «ግን እንዳምናው ከሩቅ አይደለም፤ ቀረብ በይ።»

ከዚያ ጃኬቷን ተቀብላ ለበሰችና የወንድሟን እጅ ይዛ ከሰልፉ ፊት ቆመች፤ ዘፈኑንም በዚህኛው ዙር ራሷ አወጣች።